የመርከብ ስንቅ፤ በባትሪ የሚሄዱ ጀልባዎችና መርከቦች ያለፈ ታሪካቸውና የወደፊት ዕድላቸው

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



አንድ ነገር ለዓይናችን አዲስ ሆኖ በታየ ጊዜ ትናንት የተወለደ ይመስለናል። ነገር ግን የታሪክን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ለሚመለከት ሰው፥ አዲስ ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ አያትና ቅድመ አያት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ፥ ይኸውም በባትሪ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሄዱ ጀልባዎችና መርከቦች ነገር፥ ከእነዚህ አንዱ ነው። በአሁኑ ጊዜ በኖርዌይ፥ በዴንማርክና በቻይና ሰውና መኪና የጫኑ ትላልቅ መርከቦች ያለ ጭስና ያለ ጩኸት ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የተመለከተ ሰው፥ ይህ የእኛ ዘመን ግኝት ነው ቢል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን እንዲህ ያለው ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃ ላይ ከተንቀሳቀሰ ከ185 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ከቤንዚን ሞተር በፊት የተወለደው የኤሌክትሪክ ጀልባ ስለ ምን ይህን ያህል ዘመን ወደ ኋላ ቀረ? ዛሬስ እንደ ገና የተነሣው በምን ምክንያት ነው? ወደፊትስ እስከ ወዴት ሊደርስ ይችላል? ለሦስቱም ጥያቄዎች መልሱ አንድ ነው፤ እርሱም የስንቅ ነገር ነው። የቀድሞ የሲራራ ነጋዴ ከቤቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ያስብ ነበር። አንደኛው በቅሎው የምትሸከመው ስንቅ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስንቁ ባለቀ ጊዜ የሚታደስበት ሰፈር ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ መርከብ ታሪክም ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ድረስ በእነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል የሚመላለስ ታሪክ ነው።

በ1801 በጀርመን አገር በፖትስዳም ከተማ የተወለደው ሞሪትዝ ኸርማን ያኮቢ የሚባል መሐንዲስ፥ በ1834 በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሽከረከር ሞተር ሠራ። ከዚያም ወደ ሩሲያ ሄዶ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኒቆላዎስ መንግሥት ወጪ ሥራውን በመቀጠል፥ በ1838 በመስከረም ወር በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በኔቫ ወንዝ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች የተሳፈሩበትን ጀልባ ያለ ቀዛፊና ያለ ሸራ በኤሌክትሪክ አስኬደ። ለሞተሩ ኀይል የሚሰጡት ከዚንክና ከመዳብ የተሠሩ 320 የባትሪ ክፍሎች ነበሩ። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚሰጠው ኀይል እጅግ ጥቂት ቢሆንም፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ተያይዘው ሲሠሩ ጀልባዪቱን ለመግፋት በቁ። ፍጥነቷ ግን ከእግረኛ እርምጃ የማይበልጥ ነበር። በሚከተለው ዓመት ያኮቢ የመዳቡን ባትሪ ትቶ ዚንክና ፕላቲኒየም ባላቸው 64 ክፍሎች ተጠቅሞ ፍጥነቷን አሻሻለ፤ የሥራውንም ውጤት ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለማይክል ፋራዴይ በደብዳቤ ገለጸለት።

ያኮቢ ጀልባውን በኔቫ ባስኬደበት በዚያው በ1838 ዓመት፥ ሲሪየስና ግሬት ዌስተርን የሚባሉ ሁለት የእንፋሎት መርከቦች አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግረው ኒው ዮርክ ገብተው ነበር። እንግዲህ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ በውሃ ላይ ውድድር የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ውድድሩ እኩል አልነበረም። የያኮቢ ባትሪ ኀይል የሚሰጠው ዚንኩን ራሱን እየበላ ነው፤ ዚንኩ ሲያልቅ ሌላ ዚንክ መግዛት ያስፈልጋል። ዚንክ ደግሞ ከማዕድኑ ተለይቶ የሚወጣው በድንጋይ ከሰል እሳት ነው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነገሩን በሚዛን መርምሮ፥ አንድ ፓውንድ የድንጋይ ከሰል በጥሩ የእንፋሎት ሞተር ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ ፓውንድ ዚንክ በባትሪ ከሚሠራው ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አስረዳ። ከዚህም በቀር የፕላቲኒየሙ ባትሪ ሲሠራ ትንፋሽ የሚያሳጣ መርዛም ጢስ ያወጣል። በእነዚህ ምክንያቶች የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጀልባ ከሙከራ አልፎ ለጉዞ ሳይውል ቀረ። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ የጎደለው ስንቁ ነው።

በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ሁለት የእርሳስ ቅጠሎችን በአሲድ ውስጥ አድርጎ፥ ከውጭ የገባለትን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፥ ከባዶነትም በኋላ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ አገኘ። በ1881 የአገሩ ልጅ ካሚል ፎር ይህንኑ ባትሪ ብዙ ኀይል እንዲይዝና በፋብሪካ በቀላሉ እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ተሠርቶ ስለ ነበረ፥ ዚንክ መብላት ቀርቶ በየብስ የመነጨውን ኀይል በባትሪ ጭኖ ወደ ውሃ መውሰድ ተቻለ። ስንቁ የሚታደስ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተከታተለ። በ1881 በፓሪስ ጉስታቭ ትሩቬ የሚባል የእጅ ጥበብ ሰው፥ ከጀልባው ጀርባ የሚሰካና የሚነቀል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ በሴን ወንዝ ላይ ሞከረው። ዛሬ በየሐይቁ ዳር የምናየው፥ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር የዚህ የትሩቬ ሥራ ዘር ነው። በ1882 አንቶኒ ሬከንዛውን የሚባለው መሐንዲስ ኤሌክትሪሲቲ የተባለችውን ጀልባ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ አስኬደ። በ1886 ደግሞ ቮልታ የምትባለው ጀልባ እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን ባሕር ከዶቨር እስከ ካሌ ተሻግራ፥ ባትሪዋን ዳግመኛ ሳትሞላ በዚያው ቀን ተመለሰች። የአካሄዷን ጸጥታ ለመግለጽ፥ በውሃ ላይ ያንቀላፋች የባሕር ወፍ ሳትነቃ በእጅ እንደ ተያዘች በጊዜው ተጽፎ ይገኛል።

በቴምዝ ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ጀልባ ለሽርሽር የሚከራይበት ንግድ ተስፋፍቶ፥ በ1888 ቫይካውንቴስ ቤሪ የተባለች 80 መንገደኞች የምትይዝ ጀልባ ሥራ ጀመረች። ከጀልባዎቹ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ነገር ግን በወንዙ ዳርና በወንዙ ላይ የቆሙት የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች ናቸው። ጀልባዎቹ ቀን ሠርተው ሌሊት በእነዚህ ጣቢያዎች ስንቃቸውን ይሞሉ ነበር። በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በተከፈተው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን 55 የኤሌክትሪክ ጀልባዎች በኤግዚቢሽኑ ኩሬዎችና ቦዮች ላይ እየተመላለሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች አጓጓዙ። የኤሌክትሪክ ጀልባ በዚያን ጊዜ ለሕዝብ የታመነ፥ የማያጨስና የማይጮኽ፥ ጨዋ መጓጓዣ ነበር።

እንዲያውም ስለ ቤንዚን ጀልባ አጀማመር አንድ የሚያስገርም ነገር ይነገራል። ጎትሊብ ዳይምለር በ1886 በጀርመን አገር በኔካር ወንዝ ላይ የመጀመሪያዪቱን የቤንዚን ሞተር ጀልባ ባስኬደ ጊዜ፥ ሕዝቡ ቤንዚን ይፈነዳል ብሎ ስለ ፈራ፥ በጀልባዪቱ ዙሪያ ሽቦና የሸክላ ማያያዣ ሰክቶ የኤሌክትሪክ ጀልባ አስመሰላት ይባላል። ያን ጊዜ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ስም ተከልሎ መጣ፤ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሞላ ግን ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው።

ለምን እንደ ሆነ በቍጥር ለመረዳት ይቻላል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ባለ 100 ዋት አሥር አምፑሎች ለአንድ ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት ኀይል ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ በውስጡ ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኀይል ይዟል፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው በሙቀት ባክኖ እንኳ ቢያንስ 4 ያህሉ ለሥራ ይተርፋል። አንድ ኪሎ የእርሳስ ባትሪ ግን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት መቶኛ እጅ ሦስቱን ወይም አራቱን ብቻ ይይዛል። የስንቁ ልዩነት መቶ እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ላይ ቤንዚን በቆርቆሮ ተቀድቶ በደቂቃዎች የሚሞላ ሲሆን፥ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1903 በሩሲያ ወንዞች የሄደችው ቫንዳል የምትባለው የነዳጅ ጫኝ መርከብ፥ በ1912ም ከዴንማርክ ተነሥታ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተጓዘችው ሴላንዲያ፥ ናፍጣ የባሕሩ ጌታ መሆኑን አረጋገጡ። በቫንዳል ላይ መቅዘፊያዎቹን የሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጩት ግን የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ በመርከብ ላይ ቦታውን ሳይለቅ፥ ባትሪው ብቻ ተባረረ ማለት ነው።

ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በሁለት ቦታዎች ጸንቶ ቆየ። አንደኛው ቦታ ከባሕር በታች ነው። ናፍጣ ያለ አየር አይነድምና፥ በውሃ ውስጥ ለሚሰወር ሰርጓጅ መርከብ ከባትሪ በቀር ሌላ መላ አልነበረም። በ1888 ስፔይን ፔራል የተባለውን፥ ፈረንሳይም ዢምኖት የተባለውን በባትሪ የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ባሕር አወረዱ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ከተዋጉት ሰርጓጅ መርከቦች አብዛኞቹ በውሃው ላይ በናፍጣ፥ በውሃው ውስጥ ግን በባትሪ ይሄዱ ነበር። በ1954 በአሜሪካ ኖቲለስ የተባለው በአቶሚክ ኀይል የሚሠራ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ውሃ እስኪወርድ ድረስ፥ የእነዚህ መርከቦች የውሃ ውስጥ ሕይወት በባትሪያቸው ልክ የተወሰነ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ በጀርመን አገር በባየር ክፍል በተራሮች መካከል የሚገኘው ኮኒግስዜ የሚባለው ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ ከ1909 ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሱት የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ናቸው፤ ውሃው እንዳይበከልና ጸጥታው እንዳይደፈርስ ተብሎም እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ጸንቷል። የሐይቁ መንገድ አጭር ነው፤ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት የታወቀ ነው፤ ጀልባዎቹ ማታ ማታ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በተገናኙበት ቦታ የባትሪ ክብደት ጀልባውን አላሸነፈውም። ኮኒግስዜ ከመቶ ዓመት በፊት የሰጠው ትምህርት ይህ ነበረ፤ የሚሰማው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አልተገኘም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ የባትሪ ጥበብ በዝግታ እየተሻሻለ ሄዶ፥ በ1991 በጃፓን አገር የሊቲየም ባትሪ ለገበያ ቀረበ። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፥ ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ በ2019 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብለዋል። የሊቲየም ባትሪ በክብደቱ ልክ ከእርሳስ ባትሪ አምስት እጥፍ ያህል ኀይል ይይዛል። ዋጋውም፥ በ2010 ግድም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ የነበረው፥ በ2024 በዓለም ገበያ በአማካይ ወደ 115 ዶላር ወርዷል። በመጀመሪያ ለእጅ ስልክ፥ ቀጥሎም ለመኪና የተሠራው ባትሪ በመጨረሻ ወደ ውሃ ተመለሰ።

መመለሱ ግን በራሱ የሆነ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለሆኑት አድማጮቻችን በተለይ ሊነገር የሚገባው ምዕራፍ ይህ ነው። ኖርዌይ በተራሮች መካከል ወደ የብስ ጠልቀው በሚገቡ፥ ፍዮርድ በሚባሉ የባሕር ክንዶች የተከፋፈለች አገር ስለ ሆነች፥ አውራ ጎዳናዎቿ በብዙ ቦታ በማሻገሪያ መርከብ ይቀጥላሉ። ማሻገሪያዎቹን በጨረታ የሚያሠራው የመንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። በ2010 ግድም ይህ መሥሪያ ቤት ለአንድ መሥመር ጨረታ ሲያወጣ፥ እጅግ አነስተኛ ኀይል የሚፈጅና አየሩን የማይበክል መርከብ እንዲቀርብለት አደረገ። የዚህ ጨረታ ውጤት በ2015 ሥራ የጀመረችው አምፔር የምትባለው መርከብ ናት። አምፔር ወደ 80 ሜትር የምትረዝም፥ 120 መኪናዎችና 360 ሰዎች የምትይዝ፥ በሶኝ ፍዮርድ ላይ ላቪክና ኦፔዳል በሚባሉ መንደሮች መካከል ወደ 6 ኪሎሜትር የሚጠጋውን መንገድ በሃያ ደቂቃ እየተሻገረች በቀን 34 ጊዜ ትመላለስ የነበረች መርከብ ናት። ባትሪዋ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዝ ነበር፤ መኪናዎች ሲወርዱና ሲሳፈሩ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ስንቋን ትሞላ ነበር። በዚያ መሥመር የምትሠራ የናፍጣ መርከብ በዓመት አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ናፍጣ የምትፈጅ መሆኗን ስናስብ፥ የሥራው ጥቅም ግልጽ ይሆናል።

መሐንዲሶቹን ያስቸገራቸው ታላቁ ነገር ግን መርከቢቱ አልነበረችም። ሁለቱ መንደሮች ትናንሽ ስለ ሆኑ፥ መርከቢቱ በአሥር ደቂቃ የምትስበውን ያን ያህል ኤሌክትሪክ የመንደሮቹ መሥመር በአንድ ጊዜ ሊሸከመው አይችልም ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ወደቦች ላይ ሌላ ባትሪ በየብስ አቆሙ። የየብሱ ባትሪ መርከቢቱ በሌለችበት ጊዜ ከመንደሩ መሥመር ቀስ እያለ ያጠራቅማል፤ መርከቢቱ ስትደርስ ያጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ይሰጣታል። በቴምዝ ወንዝ ዳር የታየው የመሙያ ጣቢያ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ በሶኝ ፍዮርድ እንደ ገና ተወለደ። ከዚህ በኋላ የኖርዌይ ምክር ቤት በሌሎቹም የማሻገሪያ ጨረታዎች ይኸው ደንብ እንዲገባ ስለ ጠየቀ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በባትሪ የሚሠሩት የአገሪቱ ማሻገሪያ መርከቦች ከ70 በላይ ሆኑ። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገቡት ፍዮርዶች የሚገቡ፥ መጠናቸው ከ10,000 ቶን በታች የሆነ የመንገደኛ መርከቦች የሚበክል ጢስ እንዳይለቁ የሚያዝ ደንብ በሥራ ላይ ውሏል።

ምሳሌው ወደ ሌሎች አገሮች ፈጥኖ ደረሰ። በ2018 ዴንማርክን ከስዊድን የሚያገናኙት ቲኮ ብራሄና አውሮራ የሚባሉት ትላልቅ መርከቦች ከናፍጣ ወደ ባትሪ ተለውጠው፥ የኤሌክትሪኩን ገመድ በየወደቡ የሚሰካላቸው ሰው ሳይሆን የሮቦት ክንድ ሆነ። በ2019 ኤለን የምትባለው መርከብ ኤሮ ወደሚባለው የዴንማርክ ደሴት መመላለስ ጀመረች፤ በ2022ም ባትሪዋን አንድ ጊዜ ብቻ ሞልታ 92 ኪሎሜትር ተጓዘች። በሕንድ አገር በኬራላ ክፍል ከ2017 ጀምሮ አዲትያ የምትባል 75 ሰው የምትይዝ ጀልባ ከጣራዋ ላይ ከፀሐይ ብርሃን በምታገኘው ኀይል ሕዝብ ታመላልሳለች። በስቶክሆልም ከተማ በ2024 ሥራ የጀመረች ሌላ ጀልባ ደግሞ፥ ከሥሯ በተሠሩላት ክንፎች አካሏን ከውሃው በላይ አንሥታ ስለምትበር፥ የውሃው ግፊት ቀንሶላት በጥቂት ስንቅ ብዙ ትሄዳለች።

በቻይና ያንግትሴ ወንዝ ላይ በ2024 ሥራ የጀመረችው 700 ኮንቴይነር የምትጭን መርከብ ሌላ ብልሃት አመጣች። ባትሪዎቿ በኮንቴይነር ውስጥ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ እስከ 36 የሚደርሱ የባትሪ ኮንቴይነሮችን ጭና፥ ባዶ የሆነውን በወደብ አውርዳ የተሞላውን ትቀበላለች። በጥንት ዘመን ፈጣን መልእክተኛ የደከመውን በቅሎ በየሰፈሩ ትቶ ያረፈውን እንደሚቀይር ያለ ነው። በ2025 በግንቦት ወር ደግሞ በአውስትራሊያ በታዝማኒያ ደሴት ቻይና ዞሪያ የተባለች፥ 130 ሜትር የምትረዝም፥ 2,100 መንገደኞችና 225 መኪናዎች እንድትይዝ የታሰበች መርከብ ወደ ውሃ ወርዳለች። የተሠራችው በአርጀንቲናና በኡሩጓይ መካከል ያለውን ሰፊ ወንዝ እንድትሻገር ሲሆን፥ ከ250 ቶን በላይ የሚመዝነው ባትሪዋ 40,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከያኮቢ ዝቅተኛ ጀልባ እስከዚህች መርከብ ያለውን መንገድ ስንመለከት ልናደንቅ ይገባናል።

አድናቆታችን ግን ከሒሳብ አያርቀን። በቀን 100 ቶን ነዳጅ የሚያቃጥል ትልቅ የውቅያኖስ መርከብ እንውሰድ። ከነዳጁ ኀይል ግማሹ ብቻ ለሥራ የሚውል ነው ብንል እንኳ፥ ይህን የአንድ ቀን ሥራ በባትሪ ለመሥራት የቻይና ዞሪያን የመሰለ ባትሪ 14 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ወደ 3,500 ቶን ይሆናል። የ15 ቀን ጉዞ ከሆነ ከ50,000 ቶን በላይ ባትሪ መሸከም ሊኖርበት ነው። በመካከለኛው ውቅያኖስ ደግሞ ስንቅ የሚታደስበት ሰፈር የለም። ስለዚህ በአሁኑ ጥበብ ባትሪ የውቅያኖስን መርከብ ይነዳል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። የዓለም የባሕር ድርጅት በ2023 የመርከቦች በካይ ጋዝ በ2050 ግድም ሚዛኑ ዜሮ እንዲሆን ዓላማ ቢያስቀምጥም፥ ዓላማው በገንዘብ ቅጣትና በደንብ የሚጠናከርበት ውሳኔ በጥቅምት 2025 ለአንድ ዓመት እንዲተላለፍ ሆኗል። ለሩቅ ጉዞ ሌላ ዓይነት ነዳጅ መፈለግ ግድ ነው፤ ባትሪውም በዚያ ረዳት እንጂ ዋና አይሆንም።

ሌሎችም ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። በ2019 በጥቅምት ወር በአንድ የኖርዌይ ማሻገሪያ መርከብ የባትሪ ክፍል እሳት ተነሥቶ፥ በማግሥቱ ፍንዳታ ተከተለ፤ እሳት አጥፊዎችም ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል የሚለቀው ጋዝ ራሱ የሚፈነዳና መርዛም ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣውንና የአየር መውጫውን በጥንቃቄ መሥራት፥ መርከበኛውንም ማሠልጠን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የኤሌክትሪኩ ምንጭ ነው። በ2017 በቻይና በጓንግዡ ከተማ ወደ 2,000 ቶን የምትጭን የባትሪ መርከብ ወደ ውሃ ስትወርድ የተመደበላት ጭነት የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ከሰሉም የሚሄደው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። መርከቢቱ ራሷ አታጨስም፤ ስንቋ የተጋገረበት ምድጃ ግን ያጨሳል። በኖርዌይ ነገሩ የተቃና የሆነው የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኀይል ስለሚገኝ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ኢትዮጵያ ከኖርዌይ ጋር የምትመሳሰልበት ነገር አለ። የእኛም ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚገኝ ነው፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ይህን ሀብት ከፍ አድርጎታል። ነዳጅ ግን አብዛኛው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። ጣና ሐይቅን ብንመለከት፥ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል የተሠራው ታንኳ በሰው ክንድ፥ ዛሬም የሞተር ጀልባው በነዳጅ ኀይል በሚሄድበት በዚህ ሐይቅ አጠገብ፥ ከ1964 ጀምሮ የጢስ ዓባይ፥ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋዋት ኀይል ያለው የበለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት ገዳማት የሚወስደው የውሃ መንገድ አጭር ነው፤ ጀልባዎቹም ማታ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ኮኒግስዜን ያጸኑት ነገሮች በዚህም አሉ ማለት ነው። ሐይቁ በራሱ ውሃ በመነጨ ኀይል ራሱን ሊያሻግር የሚችል መሆኑን ማሰብ ሕልም አይደለም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘውን ፍሬ ነገር ባጭሩ እንሰብስብ። የኤሌክትሪክ ጀልባ በኔቫ የወደቀው ስንቁን የሚያድስበት ቦታ ስላልነበረው ነው። በቴምዝና በቺካጎ ያበበው በየዳርቻው መሙያ ስለ ቆመለት ነው። በናፍጣ ፊት የሸሸው ስንቁ ከባድ ስለ ነበረ ነው፤ በሶኝ ፍዮርድ የተመለሰውም አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ደብተሩን አስተካክሎ ስለ ጻፈና መሐንዲሶች ባትሪን በመርከብ ብቻ ሳይወሰኑ በየብስም ስላቆሙ ነው። በአጭር መሻገሪያ፥ በወንዝ፥ በሐይቅና በወደብ ውስጥ ሥራ የመጪው ዘመን የባትሪ መርከብ ነው ለማለት እንደፍራለን። የዚህን መርከብ ዕድል አስቀድሞ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ወደቡ ይሂድ፤ በመጠጊያው ላይ የኤሌክትሪክ መሥመር ደርሶ፥ የሚሰካው ገመድ ተዘርግቶ፥ ደንቡም ተጽፎ ካገኘ መርከቢቱ ሩቅ አይደለችም።